ኪራይ በ25 ፐርሰንት የተጨመረባቸው ባልና ሚስት፦ መልቀቅ፣ መግዛት ወይስ መደራደር? (የጉዳይ ጥናት)

ስለ ጉዳዩ

ይሄ ጽሁፍ ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ አፓርትመንት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሂሳቡን አብሬያቸው ስሰራ ስለነበር ነገሩን ከጅምሩ አውቀዋለሁ፣ እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል፣ ግን ስማቸውንም ከተማውንም አልጠራም፣ ገንዘቡንም በየትኛውም አገር ገንዘብ አላወራም። የድሮ ኪራያቸውን በወር 100 ብለን እንነሳና ሌላው ሁሉ ከሱ አንጻር ይለካ። ገቢያቸው 260 ነው ካልኩ የሁለቱ ደሞዝ ተደምሮ የኪራዩን ሁለት እጥፍ ተኩል ትንሽ ያልፋል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ደሞ የራሳችሁን ቁጥር እያስገባችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ልጽፈው የፈለኩት አንድ ነገር ስላየሁበት ነው። ኪራይ ሲወደድ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚመጣለት ወይ ራቅ ብሎ መውጣት ወይ እንደምንም ብሎ መግዛት ነው። እነዚህ ሰዎች ሁለቱንም እስከ ጥግ ሄደው አዩዋቸው። የጠቀማቸው ግን ከሁለቱም ውጪ የሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ማንም ቁም ነገር ያላደረገው የውሉ የጊዜ ርዝመት ነው።

ከጭማሪው በፊት

ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ነው፣ ያረጀ ህንጻ ላይ፣ ሶስተኛ ፎቅ። የልጆቹ ትምህርት ቤት በእግር ይደረሳል፣ ሚስትየው የምትሰራበት ክሊኒክ አንድ ታክሲ ነው። ውላቸው የአንድ አመት ሲሆን በየአመቱ ዝም ብሎ ይታደሳል፣ እንደውም የመጨረሻውን ጊዜ ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም፣ ስልክ ተደዋውለው "እንደነበረው ይቀጥል" ተባብለው ነው ያለፉት።

ወጪያቸው በወር እንዲህ ነበር፦ ኪራይ 100፣ ምግብና የቤት ወጪ 70፣ ትምህርት ቤትና የልጆች ነገር 40፣ ትራንስፖርት 22፣ ለወላጅ የሚላክ 12። ሲደመር 244። ከ260 ላይ 16 ይቀራል። ባንክ ውስጥ ደሞ 3,200 አለ፣ ሁለተኛው ልጅ ከመወለዱ በፊት የቆጠቡትና ባልየው ከድሮ መስሪያ ቤቱ ሲለቅ ያገኘው ተደምሮ።

ኪራዩ ከገቢያቸው 38 ፐርሰንት ይወስዳል። አንድ ጓደኛቸው "ከ30 ካለፈ አደጋ ነው" ብሎ አስደንግጧቸው ነበር። ይሄ የ30 ነገር ብዙ ቦታ እንደ ህግ ሲጠቀስ እሰማለሁ፣ መነሻው ግን አሜሪካ ውስጥ በመንግስት ቤት የሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ከገቢያቸው ስንት ይክፈሉ ተብሎ የተቀመጠ ልክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 25 ፐርሰንት ነበር፣ በ1981 ወደ 30 ከፍ አለ። የበጀት ውሳኔ ነው እንጂ ሰው ከዚህ በላይ ከከፈለ ይወድቃል የሚል ጥናት ውጤት አይደለም። ገቢው ትልቅ የሆነ ሰው 45 ከፍሎ በደንብ ይኖራል፣ ገቢው ትንሽ የሆነ 25 ከፍሎ ልጆቹን ማብላት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ እኛ ፐርሰንቱን ትተን ኪራይ ተከፍሎ የግድ የሆነው ነገር ሁሉ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረውን አየን። እሱ 16 ነው።

ችግሩ

አከራዩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ክፉም አይደሉም። ውሉ ሊያልቅ አንድ ወር ከምናምን ሲቀረው ደውለው ውሉ ካለቀ በኋላ ኪራዩ 125 ነው አሉ። 125 ማለት 16 የነበረው ትርፍ በየወሩ ወደ 9 ጉድለት ይቀየራል ማለት ነው። ካልተስማማችሁ ደሞ ውሉ ሲያልቅ ልቀቁ አሉ።

ልብ በሉ፣ እዚህ ጋር ሁለት ችግር ነው ያለው። አንደኛው 25ቷ ናት። ሁለተኛው ያቺ አንድ ወር ናት። ቤተሰቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ 25 ብቻ ነበር የሚያወራው፣ እያደር ግን መጥፎ ውሳኔ ውስጥ ሊከታቸው የነበረው የጊዜው ማጠር እንደሆነ ገባን። አንድ ወር ያለው ሰው ያገኘውን ቤት ነው የሚይዘው፣ ደላላ የነገረውን ዋጋ ነው የሚከፍለው፣ ማስታወቂያ ያየበት ቦታ ነው ቀብድ የሚያሲዘው።

አከራዩም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ቤቱን የገዙት በባንክ ብድር ነው፣ ወለዱ ደሞ ተለዋዋጭ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ የአለም ትላልቅ ማእከላዊ ባንኮች የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር ወለድ ሲጨምሩ (የአሜሪካው ፌደራል ሪዘርቭ ከዜሮ አካባቢ ተነስቶ በ2023 ከ5.25 እስከ 5.50 ፐርሰንት ደርሷል) እንዲህ አይነት ብድር የያዘ ሰው ሁሉ ወርሃዊ ክፍያው አብሮ ወጣ። ሰውየው ያንን ጭማሪ ነው ወደ ተከራይ ያሻገሩት። ይሄንን ማወቃችን በኋላ ለድርድሩ ጠቅሞናል፣ ምክንያቱም ሰውየው የሚፈሩት ነገር ምን እንደሆነ ታወቀ፦ ቤቱ ባዶ ሆኖ የባንክ ክፍያ ሲደርስ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ራቅ ብሎ መውጣት

ከከተማው ዳር ተመሳሳይ ባለ ሁለት መኝታ በ76 ተገኘ። ቤቱ አዲስ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ሊፍት ሳይቀር አለው። ደላላው እሁድ ረፋድ ላይ ነው ያሳያቸው፣ ከመሃል ከተማ 35 ደቂቃ ፈጀ። ሚስትየው ወዳዋለች።

ማክሰኞ ግን ባልየው ሌሊት ተነስቶ እዛ ሰፈር ሄደና ልክ እዛ እንደሚኖር ሰው 12 ሰአት ተኩል ላይ ከህንጻው በር ጀምሮ ወደ ስራ ተጓዘ። አንደኛው መኪና ሞልቶ አለፈው፣ ሁለተኛውም አለፈው፣ መሃል ላይ መቀየሪያው ጋር ሰልፍ፣ ቢሮ የደረሰው አንድ ሰአት ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። እሱ ራሱ የላከልኝ መልእክት "ሊፍቱን ተወው በለው" የሚል ብቻ ነበር።

ሂሳቡን ሰራነው። ኪራይ 76፣ ትራንስፖርት ከ22 ወደ 41 ይወጣል፣ ወላጅ ስራ ውሎ እስኪመለስ ልጆቹን ከትምህርት በኋላ የሚያቆይ ቦታ 11። ሲደመር 128። አሁን ያሉበት ቤት በአዲሱ ዋጋ ደሞ 125 ሲደመር ትራንስፖርት 22፣ 147 ነው። ስለዚህ መውጣቱ በወር 19 ያተርፋል፣ ውሸት አይደለም፣ ግን ማስታወቂያው ላይ ካለው የ49 ልዩነት 30ው መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው፣ በዛ ላይ ሁለቱም ወላጆች በየቀኑ ሁለት ሰአት ከዛም በላይ ያጣሉ። ሁለቱም የሚሰሩበት መስሪያ ቤት ዳር ቢሆን ኖሮ ወይም አንዳቸው ከቤት የሚሰሩ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። ለነሱ ተዘለለ።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ገና እየተሰራ ያለ አፓርትመንት መግዛት

ይሄኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ሰው የሚበላው እዚህ ጋር ነው።

ማስታወቂያው "በ10 ፐርሰንት ቅድመ ክፍያ የቤት ባለቤት ይሁኑ" ይላል። ባለ ሁለት መኝታ፣ 85 ካሬ፣ ዋጋው 33,600፣ ማለትም የ28 አመት የድሮ ኪራያቸው። ቅድመ ክፍያው 3,360፣ ባንክ ያላቸው 3,200፣ ትንሽ ተበድረው ይሞላል። ከዛ ግንባታው እስኪያልቅ ለሶስት አመት በወር 60፣ ቀሪው ርክክብ ላይ። የሽያጭ ሰራተኛዋ "ቀሪውን ባንክ ይሸፍነዋል" አለቻቸው። ባልየው የዛኑ ቀን ቦታ ማስያዣ ሊከፍል ነበር፣ ሚስትየው ናት "መጀመሪያ ይታይ" ያለችው።

ሳምፕል ቤቱን ሜትር ይዘው ሄዱ። ሳሎኑ ሰፊ ይመስላል፣ አልጋውም በምቾት ገብቷል፣ ሲለኩት ግን አልጋው 1 ሜትር ከ75 ነው፣ ትልቅ ሰው እግሩን ዘርግቶ አይተኛበትም። ቁም ሳጥኑ ልብስ ማንጠልጠያ በጎን አያስገባም፣ የመኝታ ቤቶቹ በሮች ተነቅለው ክፍቱ ብቻ ነው የቀረው። በር ሲከፈት የሚይዘው ቦታ እንዳይታይ ነው እንግዲህ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲደመር 68 ካሬ መጣ። የቀረው 17 ካሬ የኮሪደር፣ የደረጃና የሊፍት ድርሻ ነው ተባለ። ይሄ የተለመደ አሰራር ነው፣ ውሉ ላይም በትንሹ ተጽፏል፣ ግን በካሬ ስንት ነው ብላችሁ ከሌላ ቤት ጋር ስታወዳድሩ ሁለቱም አንድ አይነት ካሬ መሆናቸውን ካላረጋገጣችሁ ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ውሉን ጠበቃ አነበበው፣ ክፍያው 15 ሆነ፣ ከዚህ ሁሉ ጉዳይ በደንብ የዋለ ገንዘብ ብባል እሱን ነው የምጠራው። ያገኘው ይሄ ነው። ክፍያው በቀን መቁጠሪያ ነው የሚሄደው እንጂ በግንባታው ደረጃ አይደለም፣ ማለትም ህንጻው አራተኛ ፎቅ ላይ ቢቆምም 60ው በየወሩ ይጠየቃል። የግንባታ እቃ ዋጋ ከተወሰነ በላይ ከጨመረ ሻጩ ዋጋ ይከልሳል። የሚዘገይበት ምክንያት "ከአቅም በላይ" ተብሎ ሲተረጎም የእቃ እጥረትም የገንዘብ እጥረትም ገብቶበታል፣ ስለዚህ በተግባር ለመዘግየት ቅጣት የለም። ገዢው ውሉን ካፈረሰ ግን ከከፈለው ላይ 30 ፐርሰንት ሻጩ ጋር ይቀራል።

እነዚህ ሁሉ አስቀያሚ ናቸው ግን ነገሩን የቆረጠው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ርክክብ ቀን ላይ የሚፈለገው ገንዘብ ስንት ነው የሚል። 33,600 ሲቀነስ ቅድመ ክፍያው 3,360፣ ሲቀነስ የሶስት አመቱ 2,160፣ ይቀራል 28,080። ሚስትየው ደሞዝ የሚገባላት ባንክ ሄዳ "ዛሬ ብመጣ ስንት ታበድሩኛላችሁ" ብላ ጠየቀች። ባንኩ ከገቢ 40 ፐርሰንት በላይ ለብድር ክፍያ አይፈቅድም፣ 40 ፐርሰንት ማለት ለነሱ በወር 104። በ7 ፐርሰንት ወለድ በ20 አመት 104 የሚችለው ብድር ወደ 13,400 ነው። ከሚፈለገው ግማሽ እንኳን አይሞላም። ሙሉውን 28,080 ቢያበድራቸው ወርሃዊ ክፍያው 218 አካባቢ ይሆናል፣ ከ260 ላይ።

ስለዚህ "ባንክ ይሸፍነዋል" የተባለው ባንኩ የማያውቀው ነገር ነበር። የሚሆነው ይሄ ነው፦ ሶስት አመት ይከፍላሉ፣ እስከዛ 5,520 ያስገባሉ፣ ርክክብ ቀን ብድሩ ይከለከላል፣ ውሉ ይፈርሳል፣ 1,656 እዛው ይቀራል። ከ16 ወር በላይ ኪራይ ማለት ነው፣ ያውም ያልኖሩበት ቤት። የሽያጭ ሰራተኛዋ ዋሽታለች አልልም፣ ደሞዟ በኮሚሽን ነው፣ ርክክብ ቀን እሷ እዛ የለችም።

አንድ የባንኩ ሰራተኛ "ወደ 30 አመት እናርዝመው" ብሎ ነበር። እሱንም አየነው። በ30 አመት ያው 104 የሚችለው ብድር ከ13,400 ወደ 15,600 ነው የሚያድገው። 2,200 ለማግኘት ለተጨማሪ 10 አመት በየወሩ 104፣ ማለትም 12,480 መክፈል። ይሄን ቁጥር ወረቀት ላይ ሲያዩት ዝም ነው ያሉት።

ያገለገለ ትንሽ ቤትስ?

በዛው ሰሞን እዛው ሰፈር አንድ ያረጀ ባለ አንድ መኝታ ለሽያጭ ነበር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም፣ ሳሎኑ ግን ተከፍሎ ለልጆቹ ክፍል ይወጣዋል። ዋጋው 16,500። 20 ፐርሰንት ቅድመ ክፍያ 3,300፣ ስም ማዞሪያና ሌላ ሌላው 5 ፐርሰንት 825፣ ሲደመር 4,125። የጎደላቸው 925 ነው፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሳይቆጠር። ብድሩ 13,200፣ ክፍያው በወር 102፣ ባንኩም ይቀበለዋል። ከሁሉም ቅርብ የነበረው ይሄ ነው።

ግን እዚህ ጋር ብዙ ሰው "ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው፣ ብድር ግን ለራስ ነው" የሚለውን ደረደርነው። ሁለቱም ጋር ተመልሶ የማይመጣ ገንዘብ አለ። እንደዚህ አይነት ባለ አንድ መኝታ ኪራዩ በወር 70 ነው፣ በአመት 840 ይሄዳል፣ አይመለስም። ሲገዛ ደሞ የመጀመሪያው አመት ወለድ ወደ 915፣ ጥገና ከዋጋው 1 ፐርሰንት 165፣ ግብርና የህንጻ መዋጮ በግምት ሌላ 165፣ ቅድመ ክፍያው ባንክ ቢቀመጥ የሚወልደው 4 ፐርሰንት 132። ሲደመር 1,377። የቤቱ ዋጋ በአመት 2 ፐርሰንት ይጨምራል ብለን 330 ብንቀንስለት እንኳን 1,047 ነው፣ ከኪራዩ ይበልጣል። ዋጋው በአመት ከ3.3 ፐርሰንት በላይ እየጨመረ ከሄደ መግዛቱ ያሸንፋል፣ በተቃራኒው ከቆመ ኪራይ ያሸንፋል። በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።

ብድር እንዴት እንደሚከፈል ደሞ ብዙዎቻችን የምናስበው አይደለም። ከመጀመሪያው 102 ላይ 77ቱ ወለድ ነው፣ ሶስት ሩብ ማለት ነው። አምስት አመት ሙሉ ተከፍሎ ከ13,200 ላይ የቀነሰው 14 ፐርሰንት አካባቢ ብቻ ነው። በ20 አመት ጠቅላላ የሚከፈለው 24,560፣ የተበደሩትን ሁለት እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው። ስለዚህ ገዝቶ ሶስት አራት አመት ውስጥ የሚሸጥ ሰው የስም ማዞሪያና የደላላ ወጪ ጨምሮ አብዛኛውን ጊዜ ይጎዳል።

የኔ አቋም፣ መግዛት ለነሱ ኢንቨስትመንት አልነበረም፣ ማንም በስልክ ደውሎ ልቀቁ እንዳይላቸው የሚከፈል ዋጋ ነው። ይሄ ተገቢ ምክንያት ነው፣ ሰው ለሱ ቢከፍል አይፈረድበትም። ግን ያንኑ ነገር በርካሽ ማግኘት ከተቻለ መጀመሪያ እሱ ይሞከር፣ ድርድሩን የጀመርነው ከዚህ ሀሳብ ነው።

መሃል ላይ ባልየው መጠበቅም ፈልጎ ነበር፣ የኪራይ ጣሪያ (ኪራይ ከዚህ አይለፍ የሚል ህግ) ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ስለነበር። በርሊን ላይ የሆነውን አወራን። እዛ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የኪራይ ጭማሪ የሚያግድ ህግ ወጣ፣ ነባር ተከራዮች ተጠቀሙ፣ ለኪራይ የሚወጣው ቤት ግን ቀነሰ፣ ከዛ በሚያዝያ 2021 የጀርመን ህገ መንግስት ፍርድ ቤት ሻረውና ብዙ ተከራይ ልዩነቱን ወደኋላ ተመልሶ ክፈል ተባለ። ህግ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፣ ግን ያልወጣ ህግ ላይ የቤት በጀት አይሰራም።

ድርድሩ

ሚስትየው ናት የሄደችው፣ ባልየው ቶሎ ይሞቃል። ለቅሶና ልመና አልያዘችም፣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው የያዘችው። የነገረቻቸው በአጭሩ ይሄ ነው፦ "ጋሼ፣ እኛ ብንወጣ ቤቱ ቢያንስ አንድ ወር ባዶ ይሆናል፣ እሱ 125 ነው። ደላላ የግማሽ ወር ይወስዳል፣ 62። ቀለምና የኩሽናው ቧንቧ 60 ይሆናል። 247 ይወጣብዎታል። 25ቷን በአመት ቢያባዟት 300 ናት፣ በመጀመሪያው አመት በእጅዎ የሚቀረው 53 ነው። እኛ ዛሬ 12 ብንጨምር በአመት 144 ያለ አንድ ቀን ባዶ ያገኛሉ።"

ሰውየው ወረቀቱን ደጋግመው አዩት፣ መነጽራቸውን ቀየሩ፣ "ሁለተኛው አመትስ?" አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ ተዘጋጅታበታለች። ሁለተኛው አመት ላይ 6 ፐርሰንት ትጨምራለች፣ ወደ 119 ይጠጋል። ሁለቱ አመት ሲደመር እነሱ ከቆዩ አከራዩ ከድሮው ኪራይ በላይ የሚያገኙት 368፣ አዲስ ተከራይ ቢያስገቡ ደሞ 353። እኩል ነው በሉት። ልዩነቱ አዲሱ ተከራይ በሰአቱ ይክፈል አይክፈል አይታወቅም።

"እኔም እኮ ልጄ የባንክ እዳ አለብኝ" አሉ። እሷም እሱን ስለምታውቅ ኪራዩን በሶስት በሶስት ወር ቀድመው እንደሚከፍሉ ጨመረችላቸው። በምትኩ የፈለገችው ሁለት አመት ያለው የተጻፈ ውል፣ የሁለተኛው አመት ጭማሪ ከአሁኑ የታሰረ፣ ማንኛውም ወገን ለመልቀቅ ወይም ለማስለቀቅ የአራት ወር ቅድሚያ ማስታወቂያ፣ ቧንቧው በአከራይ ይሰራ። ማስታወቂያው ላይ ትንሽ ተከራከሩ፣ ሰውየው ሁለት ወር ነው የፈለጉት፣ በመጨረሻ አራት ሆነ። ተፈረመ።

የሰራውና ያልሰራው

ከሁሉ የሰራው ውሉ ነው፣ ያውም ከ25 ወደ 12 መውረዱ ሳይሆን ሁለት አመቱና አራት ወሩ። ከዛ በኋላ የመጣ የቤት ማስታወቂያ ሁሉ አይን ውስጥ አይገባም፣ ምክንያቱም የሚያስቸኩል ነገር የለም።

በጀቱ ግን በውሉ ብቻ አልተስተካከለም። 16 የነበረው 4 ሆነ። ሚስትየው በወር የተወሰነ የሌሊት ተራ ወሰደችና 14 ጨመረ፣ 18 ሆነ። ይሄ ሰርቷል ግን ዋጋ አለው፣ ከሌሊት ተራ በኋላ ያለው ቀን ለማንም አይሆንም፣ ልጆቹም ያውቁታል።

ያልሰራው አንድ ክፍል ለተማሪ ማከራየት ነው። በወር 30 ያስገባል ተብሎ ልጆቹ ሳሎን ተኙ። ሁለት ወር አልሞላም። ኩሽናው ላይ ጭቅጭቅ፣ ማታ ማታ እንግዳ፣ በዛ ላይ አዲሱ ውል ያለ አከራዩ ፈቃድ ለሶስተኛ ወገን ማከራየት ይከለክላል፣ ፈቃድም አልጠየቁም። ያቺን ስንት የተለፋባትን ውል ለ30 ብለው ሊያጧት ነበር። ተማሪዋን በሰላም ሸኟት።

የሶስት ወር ቅድሚያ ክፍያውም ቀላል አልሆነም። በየሶስት ወሩ 336 በአንዴ ማውጣት ከቁጠባው እየተነካ ነው የሚሄደው፣ የመጀመሪያው ዙር ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ገጠመና ተጨናነቁ። አሁን ለኪራይ ብቻ የተለየ የባንክ ሂሳብ ከፍተው በየወሩ ያስገባሉ።

ሌላ ቦታ የሚሰራው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል የምለው መጀመሪያ ጥያቄው ነው፦ ባንኩ ዛሬ ስንት ያበድረኛል። ቤት ከማየት በፊት ነው የሚጠየቀው፣ ሻጭ ሳይሆን ባንክ ነው የሚጠየቀው። መልሱን የያዘ ሰው ከሚያያቸው ማስታወቂያዎች አብዛኞቹን በአምስት ደቂቃ ይጥላል።

ውል ሲታደስ በስልክ አይታደስ። ይሄ ቤተሰብ አንድ ወር ላይ የተያዘው የመጨረሻው እድሳት ወረቀት ላይ ስላልነበረ ነው፣ የሚጠቅስ ነገር አልነበረውም። ከአከራይ ጋር ድርድር ደሞ ውሉ ሊያልቅ አምስት ስድስት ወር ሲቀረው ቢጀመር ይሻላል፣ ሁለቱም ሳይቸኩሉ።

ድርድር ላይ ያንተን ችግር ማስረዳት ብዙ አይጠቅምም፣ ሰው ሁሉ ችግር አለበት። የአከራዩን ሂሳብ ስራለት። ይሄ ግን የሚሰራው ተከራይ በሰአቱ ሲከፍል የኖረ ከሆነና አከራዩ አንድ ሁለት ቤት ያለው ተራ ሰው ከሆነ ነው። ባለ መቶ ቤት ድርጅት ከሆነ ባዶ ወር ቀድሞ የተያዘ ሂሳብ ነው፣ እዛ አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ አያንቀሳቅስም፣ ምናልባት የሚጠየቀው ረጅም ውል ብቻ ነው። በጣም ሞቃት ገበያ ላይም እንደዛው፣ ቤቱ በሁለት ቀን የሚያዝ ከሆነ የአንድ ወር ባዶ የሚለው ስሌት ይፈርሳል።

ገና እየተሰራ ያለ ቤት ለሚገዛ ደሞ ሶስት ነገር ብቻ ልጥቀስ፣ ክፍያው ከግንባታ ደረጃ ጋር የታሰረ ይሁን፣ የርክክብ ቀን መዘግየት የተጻፈ ቅጣት ይኑረው፣ ካሬው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት እንደሆነ ውሉ ውስጥ ይግባ። ሻጩ ሶስቱንም እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ነው።

አሁን ያሉበት

ውሉ ሁለተኛ አመቱ ሊያልቅ ነው። ኪራዩ 119 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፣ የባልየው ደሞዝ ደሞ 15 ጨምሯል፣ ቁጠባው ከነወለዱ 4,000 ደርሷል። እንደዛ አይነት ያረጀ ባለ አንድ መኝታ በነሱ ሰፈር አሁን 17,150 ነው የሚጠየቀው፣ ስለዚህ የሚያስፈልጋቸው 4,288 ሆነ። ጉድለቱ ከ925 ወደ 288 ወርዷል፣ ግን የሶስት ወር ወጪ ለክፉ ቀን ሳያስቀምጡ አይገዙም፣ ስለዚህ ገና ነው።

ከአከራዩ ጋር ለሶስተኛው አመት መነጋገር ጀምረዋል፣ እሳቸው 8 ፐርሰንት ብለዋል፣ እነሱ 5 ብለዋል። ሚስትየው የዚህኛውን ወረቀት ራሷ ነው የሰራችው። ቧንቧው እስካሁን አልተሰራም።